መጋዘን በር ላይ የሚቆም መኪናና የሾፌሩ የቆይታ ክፍያ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ደብረ ታቦር ከተማ የቀረበ ንግግር)





በመርሐ ግብሩ ላይ ከስሜ ጎን የሰፈረው ርዕስ «የትራንስፖርት አገልግሎት ችግሮችና የመፍትሔ አቅጣጫዎች» ይላል። ርዕሱን ያወጣው ኮሚቴው ነው፤ ሰፊ ነው። እኔ ግን ከዚያ ውስጥ አንዲት ነገር ብቻ መዝዤ ልናገር ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። ይኸውም መኪና መጋዘናችን በር ላይ መጥቶ ሳይጫን ወይም ሳይራገፍ ሲውልና ሲያድር፣ የዚያን ቀን ሒሳብ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ ዛሬ በዩኒየኑ የስምሪት ሠራተኛ ብሆንም ለረጅም ዓመታት ያደርኩት ከመሪ ጀርባ ነው። ስለዚህ የምናገረው ከሁለቱም ወገን ነው፤ አንዳንዱን ነገር ስናገር ወደ ሾፌሩ ባዘነብል አትፍረዱብኝ።

ይህ አገር ስለ ጭነት ነገር የሚያወራው አያጣም። ከዚህ ከደብረ ታቦር ዳር ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት ሴባስቶፖል ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል ይባላል። ዛሬ አንድ መለስተኛ የጭነት መኪና የሚሸከመው ነው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል መንገዱን እያስጠረጉ፣ ገደሉን እያስደለደሉ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀረው ማለት ነው። ዛሬ ቻይናዎች የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ አስፋልት ለብሶልን፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ከዚህ ተነሥቶ ወልድያ ማደር ለሾፌር የአንድ ቀን ሥራ ነው። ታዲያ በመንገድ ያተረፍነውን ቀን መጋዘን በር ላይ መልሰን ስናጠፋው ማየት ያሳዝናል። ጠረጋ የለ፣ ገደል የለ፣ የጠፋው ፈራሚ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ የራሴን ላውራ

ነገሩ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። የት እንደሆነ አልናገርም፤ የእኛ መጋዘን አልነበረም። እህል ልጭን ከረዳቴ ጋር ሄድኩ። የደረስነው ኅዳር 11 ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ንብረት ያዡ ደግ ሰው ነው፤ «ጋሼ፣ ዛሬ መሽቷል፣ ነገ ደግሞ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ከነገ ወዲያ በጠዋት እንጭናለን» አለኝ። እሺ አልኩ። ሚካኤልን አከበርን። በማግስቱ ተሸካሚዎቹ መጡ፣ ሒሳብ ሹሙ ግን ለቅሶ ሄዷል። በአራተኛው ቀን ሒሳብ ሹሙ መጣ፤ የማውጫው ደብዳቤ ደግሞ ማኅተም የለውም፣ ማኅተሙ ያለው ወረዳ ከተማ ከሄደ ሰው ከረጢት ውስጥ ነው። የተጫንነው በአምስተኛው ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ ነው።

አምስት ቀን ሙሉ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሁሉም «ይቅርታ» ይላል፣ ሁሉም «ነገ» ይላል። እኔ ያኔ የምሠራው በቢያጆ ነበር፤ ጭኜ ካልደረስኩ የሚከፈለኝ የለም። ለመንገድ የተሰጠኝ አበል ለሁለት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን እጄ ላይ ያለው ገንዘብ አለቀ። ከመጋዘኑ አጥር ውጭ ሻይ የምታፈላ አንዲት እናት ነበረች፤ ለእኔም ለረዳቴም ሽሮውንም ሻዩንም በዱቤ ሰጠችን። የኅዳርን ውርጭ የምታውቁት ናችሁ። ረዳቴ ብርድ ልብስ ስላልነበረው ጋቢናው ውስጥ ተቃቅፈን ነው ያደርነው።

በአራተኛው ሌሊት ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ከሰልቫትዮው ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ቀድቼ ሸጥኩ። የባለቤቱ ናፍጣ ነው፤ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የሻይ ቤቷን ዱቤ የከፈልኩት በዚያ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል፤ ባለመኪናው ከሞተ በኋላ ለልጁ ነገርኩትና ሥቆ አለፈው፤ እኔ ግን አልሣቅሁም።

ከተጫንኩ በኋላ የጠፋውን ቀን ልመልስ ብዬ ሌሊቱን ነዳሁ። ነፋስ መውጫን አልፌ ጉም ውስጥ ስገባ ዓይኔ ተከደነ። ስነቃ የፊት ጎማዬ ቦይ ውስጥ ነው። እግዚአብሔር ሲጠብቅ ገደሉ በሌላው በኩል ነበር። ረዳቴ ግንባሩ ተፈነከተ፣ ወደ ዐሥር የሚሆን ጆንያ ተቀደደ። ለዚያ ጆንያ ከቢያጆዬ ላይ ተቆረጠብኝ። ያንን ሌሊት ሳስብ ከመንገዱ ይልቅ ትዝ የሚለኝ ያ ማኅተም ነው።

ይህን ሳወራ የእኔ ዕድል ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መኪናዎች መጫኛና ማራገፊያ ላይ የሚቆዩበት አማካይ ጊዜ በ15 ደቂቃ ሲጨምር የሚጠበቀው የአደጋ መጠን በ6.2 በመቶ እንደሚጨምር ገምቷል። 15 ደቂቃ ነው ያልኩት። እኛ የምናወራው ስለ ቀናት ነው። እዚያም ብዙው ሾፌር የሚከፈለው በሄደበት ርቀት ስለሆነ ቆሞ የዋለበት ሰዓት ከኪሱ የሚወጣ ነው። በጥናቱ ግምት መሠረት በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ሾፌሮች በዓመት ከ1.1 እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ያጣሉ። በዚያ አገር ልማዱ የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት በነፃ ሆኖ ከዚያ በኋላ በሰዓት የሚታሰብ የቆይታ ክፍያ መጠየቅ ነው፤ ሁልጊዜ ይከፈላል ማለት ግን አይደለም፣ ተከፍሎም ከሾፌሩ እጅ ይደርሳል ማለት አይደለም። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ወደ እኛም ትመጣለች።

መርከብ ሲቆም ይከፈላል

አንዳንድ አባላት «ቆሞ ለዋለ መኪና መክፈል ከየት የመጣ ነገር ነው?» ትሉኛላችሁ። አዲስ ነገር አይደለም። ማዳበሪያችንን የሚያመጣው መርከብ ወደብ ላይ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ቢቆም የሚጠየቅ ክፍያ አለ፤ ዴመሬጅ የሚባለው ነው። በ1952 ዓ.ም. ከንግድ ሕጉ ጋር የወጣው የባሕር ሕጋችን ራሱ የመርከብ መጫኛና ማራገፊያ ቀን ስለሚቆጠርበት ሁኔታ ደንግጓል። ኮንቴይነር እንኳ፣ ባዶ ቆርቆሮ፣ በጊዜው ካልተመለሰ በዶላር ያስከፍላል። መርከቡና ቆርቆሮው ሲቆሙ ሒሳብ እየታሰበላቸው፣ ያንኑ ማዳበሪያ ከጅቡቲ በጋላፊና በሚሌ በረሃ አቋርጦ ደጋ ላይ ያወጣው ሰው ሲቆም «ትንሽ ጠብቅ» ይባላል።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችንም በዚህ ላይ ዝም አላለም። የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377ም፣ እሱን የተካው የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156ም፣ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ በመቋረጡ ወይም በእርሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙ እንደማይቀርበት ይናገራሉ። መደበኛውም የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ ግዴታ የሚወድቀው በሾፌሩ አሠሪ ማለትም በባለመኪናው ላይ ነው እንጂ በእኛ ላይ አይደለም። ደግሞም በቢያጆ የሚሠራ ሾፌር ከባለመኪናው ጋር የጽሑፍ ውል ሲኖረው እምብዛም አላየሁም። በቃል ተዋውሎ በቃል ይለያያል። እኔ ሕጉን የማነሣው ልክሰስ ብዬ አይደለም፤ ሐሳቡ የባዕድ እንዳይመስላችሁ ነው። በአገራችን ደጅ መጥናት የቆየ ልማድ ነው፤ ደጅ የሚጠና ግን ጉዳይ ያለው፣ የሚለምን ሰው ነው። ሾፌሩ ግን የእኛን ጉዳይ ይዞ ነው የመጣው።

የምንከፍለው ቀድሞውንም ነው

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ የተሰበሰብነው ገበሬዎች ነንና ሒሳቡ ይሻላል።

ለስሌት እንዲመቸን ቁጥሩን እኔ ላውጣው፤ የዛሬ ዋጋ ነው ብላችሁ አትያዙብኝ። አንድ ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ይጭናል። በኩንታል 100 ብር ተስማማን እንበል፤ ጠቅላላው 40,000 ብር ነው። ደርሶ መልሱ አራት ቀን ቢፈጅ ባለመኪናው በቀን 10,000 ብር ያገኛል ማለት ነው፤ ከዚህ ላይ ናፍጣውን፣ ጎማውን፣ ሾፌሩን፣ የባንክ ዕዳውን ይችላል። አሁን ያው መኪና መጋዘናችን በር ላይ ሦስት ቀን ቢቆም ሥራው ሰባት ቀን ሆነ። ያቺው 40,000 ብር ለሰባት ቀን ስትከፈል በቀን 5,700 ብር ገደማ ናት። ባለመኪናው ጅል አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ «ደብረ ታቦር ነው? እዚያማ ያቆሙሃል» ብሎ ሰባት ቀኑን በ10,000 አባዝቶ 70,000 ብር ይጠይቃል። ኩንታሉ 175 ብር ገባ። በየኩንታሉ ላይ የተጨመረችው 75 ብር የቆይታ ክፍያ ናት። ስም ሳይወጣላት፣ ደረሰኝ ሳይቆረጥላት ከፍለናታል።

ይባስ ብሎ የምትከፈለው ባቆመው ሰው አይደለም። ከማኅበሮቻችን መካከል መኪና ገና ሳይደርስ ተሸካሚውን ቀጥረው፣ መጋዘኑን አጽድተው የሚጠብቁ አሉ፤ መኪናው በጠዋት ገብቶ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይወጣል። የሚያስቆሙም አሉ። ዋጋው ግን «ለደቡብ ጎንደር» ተብሎ አንድ ላይ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የፈጣኑ ማኅበር አባል የዘገየውን ማኅበር ዕዳ ሲከፍል ይኖራል ማለት ነው። ይህን ስናገር ፊታችሁ ሲቀየር አያለሁ፤ ማን ማን እንደሆነ ስለምትተዋወቁ ነው።

ዋጋ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የማዳበሪያ ወቅት ሲሆን መኪና አይገኝም። ግንቦትና ሰኔ ላይ አገር ሁሉ መኪና ይፈልጋል። ሾፌሮች እርስ በርስ ይደዋወላሉ፤ «የት ነህ?» «እንትን መጋዘን፣ ሦስተኛ ቀኔ ነው።» ይህች ንግግር ብቻ ትበቃለች፤ የሰማው ሁሉ ሌላ ጭነት ይመርጣል። ዝናቡ ግን ሾፌርን አይጠብቅም። ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ከዋናው መንገድ የሚገነጠለው የገጠር መንገድ ሐምሌ ላይ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ናችሁ። ሰኔ መጀመሪያ ያልገባ ማዳበሪያ ከጭቃ ጋር ይታገላል፤ ቢገባም ገበሬው ዘርቶ ጨርሶ ይሆናል።

ድንችም አለ። ፋርጣና ጉና በጌምድር ላይ ድንቹ ተቆፍሮ፣ በጆንያ ሆኖ መንገድ ዳር ሲሰለፍ አይታችኋል። ለአንድ መኪና የሚበቃው ሳይሰበሰብ መኪና ይጠራል። መኪናው መጥቶ ይቆማል፤ ከየማሳው በአህያ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሾፌሩ ጠብቆ ጠብቆ ሲሄድ ደግሞ ድንቹ ፀሐይ ላይ ይቀራል። ፀሐይ ያገኘው ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይመራል፤ የባሕር ዳር ነጋዴ እንዲህ ያለውን እያገላበጠ ይጥለዋል። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚጭኑ ወንድሞቻችን በዚህ ከእኛ ይሻላሉ፤ ወረታ ላይ መፈልፈያው፣ ሚዛኑና መጋዘኑ ስለሚቀራረቡ ሩዙ መኪናውን ይጠብቃል እንጂ መኪናው ሩዙን አይጠብቅም።

የሚያስቆመን ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ተሸካሚ ማጣት ይመስለዋል። እስቲ እናስላው። 400 ኩንታል ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት 800 ከረጢት ነው። አንድ ተሸካሚ ከመኪና እስከ መጋዘን ደርሶ ለመመለስ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅበት በሰዓት 20 ከረጢት ያስገባል፤ ዐሥር ሰው በሰዓት 200፣ በአራት ሰዓት 800። ዕረፍቱንና ምሳውን ጨምሩበት፤ በአንድ ቀን ያልቃል። ስለዚህ ማራገፍ ራሱ መኪና አያሳድርም።

በኪስ ደብተሬ ለራሴ ስመዘግብ የቆየሁት ሌላ ነገር ነው የሚያሳየኝ። አብዛኛው መዘግየት የወረቀት ነው። የገቢ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ኙን፣ የሚፈርመው ሰው አንድ ብቻ ይሆንና እሱ ስብሰባ ይገባል። ቁልፍ የያዘው ሰው ገበያ ይሄዳል። ለአንዱ ቀበሌ የተመደበው ማዳበሪያ መንገድ ላይ እያለ ለሌላ ይዞርና መኪናው ደብዳቤ እስኪጻፍ ይቆማል። ከወረዳ የመጣችሁ ኃላፊዎች፣ ይህችኛዋ የእናንተ ናት፤ በአክብሮት ነው የምናገረው። ድልድሉ መቀየሩ ሊያስፈልግ ይችላል፣ የሚቀየረው ግን መኪናው ከመነሣቱ በፊት ቢሆን፣ ካልሆነም ደብዳቤው በዚያው ቀን ቢደርስ።

በዓላቱም አሉ። እኔ በዓል ይሻር አልልም፤ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምን ገበሬው ያከብራል፣ እኔም አከብራለሁ። ግን 12፣ 21፣ 27 ድንገት የሚመጣ ቀን አይደለም፤ ከዓመት እስከ ዓመት የታወቀ ነው። በ11 ከሰዓት በኋላ መኪና እንዲደርስ የሚያደርግ ስምሪት የእኔ የስምሪት ሠራተኛው ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት እኔም ሁለት ጊዜ አጥፍቻለሁ። አሁን የዓመቱን የበዓላት ቀን ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንድ ነገር ለይቼ ላስቀምጥ። መንገድ ተዘግቶ፣ የጸጥታ ችግር ሆኖ የሚቆም መኪና የዚህ ንግግር ጉዳይ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ጋይንት ሲደርስና ደብረ ታቦርን ሲያስጨንቅ፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ ያየነው ከአቅማችን በላይ ነው። ውል ስንጽፍም እንዲህ ያለው ጊዜ ለብቻው ይታያል። እዚህ የማወራው መኪናው በሰላም ከደጃችን ከደረሰ በኋላ፣ በሩ የእኛ፣ ቁልፉ የእኛ፣ ፈራሚው የእኛ ሆኖ ስለሚጠፋው ቀን ነው።

የማቀርበው ሐሳብ

ለቦርዱ በጽሑፍ አቅርቤዋለሁ፤ ለጠቅላላ ጉባኤውም ይቀርባል። ዋናውን ልናገር።

በየመጋዘኑ በር አንድ መዝገብ ይቀመጥ። መኪናው የደረሰበት ሰዓት፣ ሥራው የተጀመረበት ሰዓት፣ ያለቀበት ሰዓትና ወረቀቱ ለሾፌሩ የተሰጠበት ሰዓት ይጻፍ፤ ሾፌሩና ንብረት ያዡ ይፈርሙ። አጠገቡ «ምክንያት» የሚል ዓምድ ይኑር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገ ሊጀመር ይችላል። ክፍያው ባይጸድቅ እንኳ መዝገቡ ብቻውን ብዙ ነገር ያስተካክላል ብዬ አምናለሁ፤ ስሙ ፊት ለፊት «ፈራሚ ጠፍቶ» ተብሎ እንዲጻፍ የሚፈልግ የለም።

ከባለመኪናዎችና ከጭነት ማኅበራት ጋር የምንገባው ውል የነፃ ጊዜ ይኑረው። እኔ ያሰብኩት አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት የደረሰ መኪና በዚያው ቀን፣ ከዚያ በኋላ የደረሰ እስከ ማግስቱ ማታ። በዓል የሆነ ቀን አይቆጠርም፣ ነገር ግን በበዓል ዋዜማ እንዳይደርስ ማድረግ የእኛ ግዴታ ይሆናል። ከነፃው ጊዜ በኋላ ላለፈው ለእያንዳንዱ ቀን የተወሰነ የቆይታ ክፍያ ይከፈል። መኪናውም በበኩሉ እደርሳለሁ ካለበት ቀን ቢዘገይ ተሸካሚ ቀጥረን ያዋልንበትን ይክፈለን። ውል ነውና ለሁለቱም ነው።

ሦስተኛዋ ከሁሉ ልቤ ያለባት ናት። ክፍያው ሁሉ ለባለመኪናው በባንክ ከገባ ሾፌሩ አያየውም። እኔ ያኔ አምስት ቀን ስቆም ባለመኪናው ካሣ ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ እንኳ እኔ ናፍጣውን እቀዳ ነበር። ስለዚህ ከቆይታ ክፍያው ላይ የሾፌሩና የረዳቱ የቀን አበል ተለይቶ እዚያው መጋዘኑ ላይ በፊርማ ለራሳቸው እንዲሰጥ ውሉ ላይ ይጻፍ። ባለመኪናዎቹን አነጋግሬያለሁ። አንዱ «ሾፌሬን ልታስለምዱብኝ ነው» ብሎ ተቆጣ፤ ሌላው ግን ትንሽ ካሰበ በኋላ «ናፍጣዬ ይተርፈኛል» አለኝ። ይህ ሰው ሒሳብ ያውቃል።

ክፍያው ደግሞ ከዩኒየኑ አጠቃላይ ወጪ ሳይሆን መዝገቡ ላይ ምክንያት ሆኖ ከተጻፈው ወገን ሒሳብ ይነሣ። መሠረታዊ ማኅበሩ ካስቆመ ማኅበሩ፣ ስምሪቱ ካጠፋ ዩኒየኑ። ወረዳው ሲያስቆምስ? ለዚህ መልስ የለኝም፤ መንግሥትን ማስከፈል አንችልም። ግን መዝገቡን ቀድተን በየሦስት ወሩ ለወረዳው አስተዳዳሪ እንልካለን፤ ቀጥሎ የሚሆነውን አብረን እናያለን።

የተነሣብኝን ተቃውሞ ሳልጠቅስ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። አንድ የማኅበር ሊቀ መንበር፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ «ልጄ፣ ዛሬም ዋጋው ላይ ጭነውብናል ካልክ የቆይታ ክፍያ ደግሞ ስንጨምር ሁለት ጊዜ መክፈላችን አይደለም ወይ?» አሉኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። የቆይታ ክፍያ ጽፈን ዋጋውን እንዳለ ከተውነው በእርግጥም ሁለት ጊዜ እንከፍላለን። መደራደር የሚቻለው ግን የሚታይ ነገር ሲኖር ነው። «በአንድ ቀን አራግፋለሁ፣ ካላራገፍኩ እከፍላለሁ፣ ስለዚህ ዋጋህን ቀንስ» ማለት የሚችለው ውል የያዘ ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ ባለመኪናው አያምነንም፤ አንድ የማዳበሪያ ወቅት ያያል። ምናልባት በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ እንጎዳለን። ይህን ደብቄ ሐሳቡን ማስጸደቅ አልፈልግም።

ሌላው «ሾፌር ደግሞ ከገበሬ በላይ ይጎዳል ወይ?» የሚል ነው። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አልመዝንም። ግን ኅብረት ሥራ ማኅበር ስንመሠርት ምን ብለን ነበር? ነጋዴ ሚዛን እያጎደለ፣ «ነገ ና» እያለ አመላልሶን አይደል? ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት በ1995 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ላይ ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች የመጨረሻው ለአካባቢ ኅብረተሰብ ማሰብ የሚለው ነው፤ በየሥልጠናው አንብበነዋል። አጥሩ ውጭ ሻይ የምታፈላው እናትም፣ በእርሷ ዱቤ የሚያድረው ሾፌርም የአካባቢያችን ኅብረተሰብ ናቸው። በነገራችን ላይ ባለፈው ሰኔ አንዷን ባለ ሻይ ቤት የዱቤ ደብተሯን አሳይኝ አልኳትና አሳየችኝ። በስም አትጽፍም፤ በታርጋ ቁጥር ነው የምትጽፈው። የእኛን መዘግየት ከእኛ በፊት መዝግባ የያዘችው እርሷ ናት። ገሚሱ ሳይከፍል ሄዷል። «ሲመለሱ ይከፍላሉ» አለችኝ።

የመዝገቡን ናሙና አዘጋጅቼ 12 ኮፒ አምጥቻለሁ፤ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የማኅበር ተወካዮች ስትወጡ አንዳንድ ያዙ። ጠቅላላ ጉባኤው እስኪወስን ሳትጠብቁ በመጪው የማዳበሪያ ወቅት ሞክሩትና የጎደለ ዓምድ ካለ ንገሩኝ። ስልኬን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሾፌሮችም ያውቁታል፣ ሌሊት የሚደውሉት እነሱ ናቸው።